ጉልበቱ ለየትኛው ጎማ ይሂድ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ከጎንደርና ከዙሪያዋ የደረሱን ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል አንድ ጉዳይ ላይ ያርፋሉ፤ አራቱንም ጎማ የሚነዳ መኪና ጉልበቱን በቀኝና በግራ ጎማ መካከል እንዴት ያከፋፍላል? ሾፌሩስ ምን ያገኝበታል? የመኪኖቹ ዓመተ ምሕረት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ስለ ቢኤምደብሊው ኤክስ6፣ ስለ ኦዲና ስለ ሆንዳ ሌጀንድ በሚወራበት ሁሉ «ቶርክ ቬክተሪንግ» የሚባል ነገር ይነሳል። ከተራው ፎር ዊል በምን ይለያል? ሾፌሩ እጁ ላይ የሚሰማው ነገር ነው ወይስ የሻጭ ወሬ? — ከማራኪ

መልስ፦ ይሰማል። በደንብ የሚሰማው ግን ኩርባ ውስጥ ገብተው ነዳጅ ሲሰጡ ነው።

ተራ ዲፈረንሻል፣ ማለትም ጉልበቱን ለሁለቱ ጎማዎች የሚያካፍለው የጊር ቤት፣ ለቀኝና ለግራ ጎማ እኩል ጉልበት ይሰጣል። ተራ ፎር ዊልም ቢሆን የሚወስነው ምን ያህሉ ወደ ፊት፣ ምን ያህሉ ወደ ኋላ ይሂድ የሚለውን ብቻ ነው። ኩርባ መሃል ላይ ነዳጅ ሲጨምሩ የፊት ጎማዎች መኪናውን መጎተትም ማዞርም ይጠበቅባቸዋል። አቅማቸው ሲያልቅ አፍንጫው ወደ ውጭ ይወጣል፤ መሪ ቢጨምሩበትም አይመለስም። ቶርክ ቬክተሪንግ ያለው መኪና ግን ለኋላው ውጨኛ ጎማ ከውስጠኛው አብልጦ ይሰጣል። የጣና ታንኳ ቀዛፊ በግራ በኩል ጠንክሮ ሲቀዝፍ ታንኳዋ ወደ ቀኝ እንደምትዞር ሁሉ፣ መኪናውም ከኋላ ተገፍቶ ወደ ኩርባው ውስጥ ይዞራል። ሾፌሩ መሪውን ሳይነካ ነዳጅ ሲጨምር መስመሩ በመስፋት ፈንታ ይጠባል። የፊት ጎማው ስለማይጨነቅ መሪውም በእጅ ላይ ቀለል ይላል።

ይህን ለማድረግ ሦስት መንገድ አለ፤ የሚሰጡት ስሜት ግን በጣም ይለያያል።

አንደኛው በፍሬን ነው። ፖርሽ «ፒቲቪ» የሚለውን ጨምሮ ብዙ መኪኖች ወደ ኩርባ ሲገባ የውስጠኛውን የኋላ ጎማ በስሱ ይይዛሉ፤ ፖርሽ ከኋላ ዲፈረንሻል መቆለፊያም ይጨምርበታል። መኪናው ሲታጠፍ ቶሎ ይታዘዛል። ግን ፍሬን ጉልበት አይጨምርም፣ ያለውን ይቀንሳል እንጂ። ኩርባ በኩርባ በሆነ መንገድ ላይ ደጋግሞ ከሠራ ፍሬኑ ይግላል፣ የኋላ ፍሬን ሸራም ከፊተኛው ቀድሞ ማለቅ ይጀምራል። የዚህ ዓይነት መኪና ካለዎት ዘይት በቀየሩ ቁጥር የኋላውን ሸራ ውፍረት ያስለኩ።

ሁለተኛው ለእያንዳንዱ የኋላ ጎማ የራሱን ፍሪሲዮን መስጠት ነው። የ2016ቱ ፎርድ ፎከስ አርኤስ እንዲህ ነው፤ ወደ ኋላ እስከ 70 በመቶ ይልካል፣ ወደ ኋላ የደረሰውንም ሁሉ ለአንዱ ጎማ መስጠት ይችላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ፍሪሲዮን ጉልበት የሚያስተላልፈው በፍጥነት ከሚዞረው ወደ ዘገየው ነው። ኩርባ ላይ ደግሞ ውጨኛው ጎማ ረጅሙን መንገድ ስለሚሄድ ራሱ ከሁሉም ፈጥኖ ይዞራል። እሱን ለመግፋት የኋላው ዘንግ ከዚያም በላይ መፍጠን አለበት። ሆንዳ «ኤስኤች ኦል ዊል ድራይቭ» በሚለው ባለ አራት ጎማ ሥርዓቱ ያደረገው ይህንን ነው፤ አኩራ በሚል ስሙ ባወጣው በመጀመሪያው አርዲኤክስ ላይ የኋላው ወገን ከፊቱ 1.7 በመቶ ፈጥኖ እንዲዞር ተደርጓል። በ2004 ሌጀንድ ላይ ሲወጣ ደግሞ ፍጥነቱን እንደ ኩርባው የሚጨምር ተጨማሪ ጊር ነበረው። ይህ የማፍጠን ነገር የሌለው ባለ ሁለት ፍሪሲዮን መኪና ጭቃና እርጥብ መንገድ ላይ ጎበዝ ነው፤ ደረቅ አስፋልት ላይ ግን የሚሰማው ልዩነት ትንሽ ነው።

ሦስተኛው፣ ከሁሉም የሚበልጠው፣ ዲፈረንሻሉ ውስጥ በግራና በቀኝ ማፍጠኛ ጊር ማስገባት ነው። ሚትሱቢሺ በ1996 በላንሰር ኢቮሉሽን 4 አወጣው፤ ኦዲ ስፖርት ዲፈረንሻል የሚለው የዚሁ ዘመድ ነው። ቢኤምደብሊው በ2008ቱ ኤክስ6 ላይ በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መካከል እስከ 1,800 ኒውተን ሜትር ልዩነት መፍጠር ይችላል። ትልቁ ቁም ነገር ግን እግርዎን ከነዳጅ ላይ ቢያነሱም መሥራቱ ነው። ከ2 ቶን በላይ የሆነ መኪና ኩርባ ላይ እንደ አጭር መኪና የሚታጠፈው በዚህ ምክንያት ነው። በሆንዳው ላይ ነዳጅ ሲለቁ ግን የሚከፋፈል ጉልበት ስለሌለ መኪናው ወዲያው ወደ ተራ፣ አፍንጫው ወደከበደ መኪና ይመለሳል። ስለዚህ እርሱን በትክክል መንዳት ማለት ቀጥ ባለው ላይ ፍሬን ይዞ ፍጥነት መጨረስ፣ መታጠፍ፣ ከዚያ ቀደም ብሎ ነዳጅ ሰጥቶ ሳያቋርጡ ማውጣት ነው። ኩርባ መሃል ፈርቶ እግር የሚያነሳ ሾፌር የዚህን መኪና ጥቅም ጨርሶ አያገኝም።

የጎንደር ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ገደማ ያጣል፤ 300 የፈረስ ጉልበት የተባለው 240 አካባቢ ይሆናል። የሚከፋፈለው ሲያንስ የሚሰማውም ያንሳል። ባለ ቱርቦው ጉድለቱን አብዛኛውን ይሸፍናል። ለዚህ ከተማ ኩርባ ላይ የሚገፋ መኪና ለሚመርጥ ሰው ቱርቦውን አጥብቀን እንመክራለን።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ይህ ሥርዓት መኪናው በፍሬን የሚቆምበትን ርቀት አያሳጥርም። ሰኔ ላይ የመጀመሪያው ዝናብ በአስፋልቱ ላይ የከረመውን አቧራና ዘይት ሲያላቁጠው፣ ከጎሃ ሆቴል ወደ ከተማው የሚወርደው ኩርባ ላይ የሚያቆምዎት ጎማውና ፍሬኑ ብቻ ነው። መኪናው ሲወጣ ያሳየው ጉብዝና ሲወርድ አብሮት አይኖርም። ሥርዓቱ የጎማውን የመያዝ አቅም መጨረሻ ከሾፌሩ ስለሚደብቅም፣ መሸሽ ከጀመረ የሚሸሸው አስቀድሞ ሳያስጠነቅቅ ነው።

ጥያቄ፦ የ2019 ቶዮታ ራቭ4 ልገዛ ነው። ሻጩ «ቶርክ ቬክተሪንግ አለው» ይላል። ያለውን ከሌለው እንዴት እለያለሁ? — ከፒያሳ

መልስ፦ በዚያ ትውልድ ራቭ4 ላይ ሦስት ዓይነት ባለ አራት ጎማ አለ፤ ከላይ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ክሪክ ላይ ወይም ቦይ ላይ አሰቅለው ከሥር ይዩት። ባለ አራት ጎማ ሆኖ ከካምቢዮ ወደ ኋላ የሚሄደው ረጅም ዘንግ ከሌለው መኪናው ሃይብሪድ ነው፤ የኋላ ጎማዎቹን የሚነዳው 40 ኪሎዋት የሆነ የራሱ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው፣ ቀኝና ግራ የሚለየውም በፍሬን ብቻ ነው። ረጅሙ ዘንግ ካለ ወደ ኋላ ዲፈረንሻሉ ይሂዱ። አንድ ፍሪሲዮን ብቻ ከዲፈረንሻሉ ፊት ለፊት፣ ዘንጉ የሚገባበት ላይ ካለ ተራው ነው። በግራና በቀኝ ጎኑ አንድ አንድ ወፍራም የፍሪሲዮን ቤት፣ ለየራሳቸው የኤሌክትሪክ ገመድ ያላቸው ከሆነ ሻጩ እውነቱን ነው። ይህኛው እስከ ግማሽ የሚደርስ ጉልበት ወደ ኋላ ልኮ ሁሉንም ለአንዱ ጎማ ሊሰጥ ይችላል። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ደግሞ ነዳጅ ለመቆጠብ ረጅሙን ዘንግ ከፊትም ከኋላም ፈትቶ ያቆመዋል።

በደምቢያ ሜዳ ላይ ክረምት የሚነዱበት ከሆነ ልዩነቱ ዋጋ አለው። አንዱ ጎን ጠንካራ መሬት፣ ሌላው ጎን ዋልካ ላይ ሲሆን ተራው የሚዞረውን ጎማ በፍሬን እየያዘ ይታገላል፤ ይህኛው ግን ጉልበቱን በቀጥታ ለያዘው ጎማ ይሰጣል። ሆኖም ጎማው ለረጅም ጊዜ ባዶውን ከዞረ ፍሪሲዮኖቹ ይግላሉ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ማስጠንቀቂያ ይመጣል፣ የኋላው ወገንም ራሱን ይዘጋል። ያኔ ሞተሩን ሳያጠፉ ቆመው ማስጠንቀቂያው እስኪጠፋ መጠበቅ ነው። ነዳጅ መጨመር ጎማውን ከመቅበር በቀር የሚያመጣው የለም። የጎማው ጥርስ በዋልካ ከተሞላ የትኛውም ዲፈረንሻል አያወጣዎትም።

ጥያቄ፦ ሁለት ጎማ ፈንድቶብኝ ሁለት አዲስ ገዛሁ፣ ሁለቱ አሮጌዎቹ ግን ገና አላለቁም። ጎሚስታው ችግር የለውም አለኝ። መካኒኩ ደግሞ ዲፈረንሻልህን ይበላዋል ይላል። ማንን ልስማ? — ከአዘዞ

መልስ፦ መካኒኩን ይስሙ። በአራት ጎማ በሚነዳ መኪና ላይ ከሚደርሱ ጉዳቶች ይህን ያህል በቀላሉ ሊወገድ የሚችል የለም፤ ይህን ያህል የሚደጋገምም የለም።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። 235/60 ባለ 18 ጎማ አዲስ ሲሆን ዙሪያው 2 ሜትር ከ32 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። አዲሱ ጥርሱ 8 ሚሊሜትር፣ አሮጌው 3 ሚሊሜትር ቢሆን በመካከላቸው የ5 ሚሊሜትር ልዩነት አለ። በዙሪያው ሲሰላ 31 ሚሊሜትር ይሆናል። ትንሹ ጎማ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 6 ዙር ገደማ ተጨማሪ ይዞራል። ጎንደር–ባሕር ዳር 175 ኪሎ ሜትር ቢባል ከሺህ ዙር በላይ ትርፍ ነው። ይህን ትርፍ የሚውጠው በፊትና በኋላ ወይም በግራና በቀኝ መካከል ያለው ፍሪሲዮን ነው። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ማረፍ ሲገባው ሁሌም እየተንሸራተተ ይሄዳል። ዘይቱ ይግላል፣ ይጠቁራል፣ ከዚያ ሽፋኑ ይላጣል።

ሌላም ጉዳት አለ። ኮምፒውተሩ የእያንዳንዱን ጎማ ዙር እየቆጠረ ነው የሚወስነው። የሚፈጥነውን ጎማ «ተንሸራተተ» ብሎ ስለሚረዳው ቀጥ ባለ ደረቅ መንገድ ላይም ጉልበት ማዛወር ይጀምራል። ምልክቱ መኪናው ወደ አንድ ጎን የሚጎትት መምሰሉ፣ ከ60 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ባለው ፍጥነት ከኋላ የማይቋረጥ ጉርምርምታ መሰማቱ፣ ቆመው ሲወርዱም ከኋላ የተቃጠለ ዘይት ሽታ መኖሩ ነው።

ለመለካት ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም። አራቱንም ጎማ ጠዋት፣ ቀዝቃዛ እያለ፣ በበር ምሰሶው ላይ ባለው ምልክት መሠረት ነፍተው እኩል ያድርጉ። ከዚያ ጎማው ከመሬት ተነስቶ ሳለ የልብስ ሰፊ ሜትር በመሃል ጥርሱ ላይ አዙረው ዙሪያውን ይመዝግቡ። ሱባሩ በአራቱ መካከል ያለው የዙሪያ ልዩነት ከ6 ሚሊሜትር ገደማ እንዳያልፍ ይላል፤ ይህ ከ1 ሚሊሜትር የጥርስ ልዩነት ጋር እኩል ነው። ሌሎች አምራቾች ትንሽ ላላ ያደርጉታል። የመመሪያ መጽሐፍዎ ካልነገረዎት በሱባሩው ቁጥር ቢሄዱ አይጎዱም።

የእርስዎ ልዩነት ከዚያ ካለፈ አራት መግዛት፣ ወይም ከአሮጌዎቹ ጋር እኩል ያለቁ ሁለት ያገለገሉ ጎማዎች መፈለግ ነው። ለጊዜው ሌላ አማራጭ ከሌለ ቢያንስ በአንድ አክስል ላይ ያሉት እኩል ይሁኑ፤ አንድ አዲስ ከአንድ አሮጌ ጋር በአንድ አክስል ላይ ፈጽሞ አይግጠሙ። ባለ ሁለት ፍሪሲዮን ዲፈረንሻል ያለው መኪና ላይ ከሁሉ የከፋው የኋላ ቀኝና የኋላ ግራ መለያየታቸው ነው። ከዚያ በኋላ በየ8,000 እስከ 10,000 ኪሎ ሜትር ጎማዎቹን ቦታ ያቀያይሩ። ቀጭኑ ትርፍ ጎማ እስከሚቀጥለው ጎሚስታ ቤት ብቻ፣ ቀስ ብሎ፣ ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ የቆየች ሆንዳ ሲአርቪ ባለ አራት ጎማ አለችኝ። ግቢ ውስጥ መሪ ጨርሼ ጠምዝዤ ቀስ ብዬ ስዞር ከኋላ ታጉረመርማለች፣ ትንቀጠቀጣለች። ዲፈረንሻሉ አልቋል ማለት ነው? — ከቀበሌ 18

መልስ፦ ቶርክ ቬክተሪንግ ባይሆንም የቅርብ ዘመዱ ስለሆነ ጥያቄዎን በደስታ ወስደነዋል። ዲፈረንሻሉ አልቋል ብለው ከመቁረጥዎ በፊት ዘይቱን ይቀይሩ። በዚህ መኪና ላይ አንዱ ፓምፕ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ዙር ጋር ይሠራል፤ የዙር ልዩነት ሲኖር በዘይቱ ግፊት ፍሪሲዮኑ ይያያዛል። ዘይቱ ሲያረጅ ፍሪሲዮኑ ተያይዞ ይለቃል፣ እንደገና ይያያዛል፤ የሚሰሙት ጉርምርምታ ይህ ነው።

የሚያስፈልገው ሆንዳ «ዱዋል ፓምፕ ፍሉይድ 2» የሚለው ነው። ተራ የዲፈረንሻል ዘይት፣ 90 ቁጥርም ቢሆን፣ የካምቢዮ ዘይትም ቢሆን አይገባም። ብዙ መኪና የሚበላሸው ችግሩ ሲጀምር ሳይሆን እዚህ ላይ ነው፤ የተሳሳተው ዘይት ከገባ በኋላ ጉርምርምታው ይብሳል፣ ፍሪሲዮኑም ይቃጠላል። ሁለት ሊትር ቢይዙ ከበቂ በላይ ነው፤ ለአንድ ቅየራ 1 ሊትር ገደማ ይፈልጋል።

መኪናውን ጥቂት ነድተው ያሙቁት፣ ደልዳላ መሬት ላይ አራቱም ጎማ እኩል ከፍ ብሎ ይቁም። የላይኛውን መሙያ ቡሎን አስቀድመው ይፍቱ። ሦስት ስምንተኛ ኢንች የሆነ አራት ማዕዘን ቁልፍ ይይዘዋል። የታችኛውን አስቀድሞ የፈታ፣ ላይኛው አልፈታ ካለው መኪናውን ያለ ዘይት ያስቀረዋል። ከዚያ የታችኛውን ፈትተው ያፍስሱ። የቡሎኑ ጫፍ ማግኔት ላይ ደቃቅ ግራጫ ጭቃ መኖር የተለመደ ነው፤ በጣት የሚያዝ የብረት ስብርባሪ ካለ ግን ዘይት መቀየር አያድነውም። የሁለቱንም ቡሎን ሮንዴላ አዲስ አድርገው የታችኛውን በ47 ኒውተን ሜትር ያጥብቁ። በላይኛው ቀዳዳ ዘይቱ መልሶ መፍሰስ እስኪጀምር ይሙሉ፣ ይዝጉት። ሰፊ ባዶ ቦታ ላይ ወደ ቀኝም ወደ ግራም መሪ ጨርሰው ቀስ ብለው ደጋግመው ያዙሯት። ድምፁ ከቀነሰ ግን ጨርሶ ካልጠፋ፣ ጥቂት ከነዱ በኋላ አንድ ጊዜ ይድገሙት፤ የመጀመሪያው ፍሪሲዮኑ ውስጥ የቀረውን ሁሉ አያወጣም።

ጥያቄ፦ ባለ ሁለት ሞተር የኤሌክትሪክ መኪና፣ ለምሳሌ ቶዮታ ቢዜድ4ኤክስ፣ ይህን ነገር ያደርጋል? በሊማሊሞ ቁልቁለትስ እንዴት ልንዳው? — ከደባርቅ

መልስ፦ ከ2024 ጀምሮ የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ስለተከለከለ ጥያቄዎ የብዙ ሰው ጥያቄ ነው። ቢዜድ4ኤክስ ባለ አራት ጎማው በ2022 ሲወጣ ፊት 80፣ ኋላ 80 ኪሎዋት ሞተር ነበረው። በፊትና በኋላ መካከል ያለው ክፍፍል ከየትኛውም ፍሪሲዮን ይፈጥናል፤ እርጥብ ዳገት ላይ ሲነሱ ጎማ ከመዞሩ በፊት ሥራው ያለቀ ይመስላል። ግን እያንዳንዱ ሞተር የሚነዳው ተራ ዲፈረንሻል ነው። ስለዚህ ቀኝና ግራን የሚለየው በፍሬን ነው። በእውነት ለእያንዳንዱ ጎማ የራሱ ሞተር ያላቸው እንደ ያንግዋንግ ዩ8 ያሉ ጥቂቶች ናቸው። ደስ የሚለው ነገር የኤሌክትሪክ ሞተር ለከፍታ ግድ የለውም፤ አዲስ አበባም ደባርቅም ሙሉ ጉልበቱን ይሰጣል።

ሊማሊሞን ሲወርዱ ዋናው ነገር ባትሪው ነው። 2,000 ኪሎ የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 5.5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ 70 ኪሎዋት ሰዓት ለሚይዝ ባትሪ 8 በመቶ መሆኑ ነው። ባትሪው ቦታ ካለው ሞተሮቹ መልሰው ያመነጩታል፣ ፍሬኑም ቀዝቃዛ ይሆናል። ደባርቅ ላይ 100 በመቶ ሞልተው ከወረዱ ግን መግቢያ ስለሌለው ያ ሁሉ ሙቀት ወደ ፍሬኑ ይሄዳል። ኩርባ ላይ ውስጠኛውን ጎማ የሚይዘውም ያው ፍሬን ስለሆነ ጫናው ይደረብበታል። ስለዚህ ከ90 በመቶ በታች ሆነው ይጀምሩ፣ መልሶ ማመንጫውን ከፍ ያድርጉት። አስፋልቱ እርጥብ ከሆነ ኩርባ ውስጥ እግርዎን ከፔዳሉ በአንድ ጊዜ አያንሱ። ኃይለኛ መልሶ ማመንጨት እንደ ፍሬን ስለሚይዝ ጎማውን ሊያንሸራትተው ይችላል። ከኩርባው በፊት ቀጥ ባለው ላይ ለቀው ፍጥነቱን ይጨርሱ፣ ኩርባው ውስጥ ፔዳሉን በስሱ ይዘው ይለፉ።

ጥያቄ፦ ባለ አራት ጎማ መኪና ሲበላሽ በገመድ መጎተት፣ ለቦሎ ምርመራ ደግሞ ሮለር ላይ ማውጣት ይቻላል? — ከአራዳ

መልስ፦ ሁለት ጎማ አንስቶ ሁለቱን መሬት ላይ ማንከባለል ፍሪሲዮኑን ያቃጥላል፤ አራቱም የሚጫኑበት መኪና ይጥሩ። ያ ካልተገኘ አራቱም ጎማ መሬት ላይ ሆነው፣ ዜሮ ማርሽ ላይ፣ የመመሪያ መጽሐፉ በሚፈቅደው ፍጥነትና ርቀት ብቻ ይጎተቱ፤ የኤሌክትሪክ መኪና ከሆነ ይህም አይፈቀድም። ሮለሩን በተመለከተ፣ መርማሪው ፍሬኑን ከመለካቱ በፊት መኪናው በአራቱም የሚነዳ መሆኑን ይንገሩት፣ ዜሮ ማርሽ ላይ ያድርጉ፣ ነዳጅ አይስጡ። የፊቱ ጎማ ሮለር ላይ ሲዞር መኪናው ወደፊት ሊዘል ከሞከረ ወይም የኋላዎቹ መሬት ላይ መግፋት ከጀመሩ ወዲያው ይቁም።